አመዱን መልሱ

ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት ሥራ ሰው የሚወደው ሥራ አይደለም። ቤቱ የተቃጠለበት፣ መኪናው ገደል የገባበት፣ ሸቀጡን ጎርፍ የወሰደበት ሰው ዘንድ እሄድና «እስቲ የደረሰብዎትን ያሳዩኝ» እላለሁ። ካሳ ጠያቂው የኩባንያው ተላላኪ ይለኛል። ኩባንያው ደግሞ ለደንበኛ የሚያደላ ሆደ ቡቡ ይለኛል። ሁለቱም ሲሰድቡኝ ሥራዬን በወጉ እንደሠራሁ አውቃለሁ። አንዱ ብቻ የሰደበኝ ቀን ግን እጠረጥራለሁ፤ ተመልሼ ሄጄ ቦታውን እንደገና አያለሁ።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ እንኳ ወጣት ጉዳት ገማቾች ቤቴ ድረስ ይመጣሉ። ካሜራ አላቸው፣ ከውጭ አገር ያመጡት የምስክር ወረቀት አላቸው። «ጋሼ፣ እርስዎ ይህን ሥራ የት ተማሩት?» ይሉኛል። «ኮልፌ» እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። ኮልፌ የመድን ትምህርት ቤት ኖሮ አያውቅማ! ይሳቁ። እኔ ግን አልቀለድኩም። የተማርኩት እዚያ ነው፤ በጣልያን ጊዜ፣ በአንድ ቃጠሎ ሰበብ፣ ከሰፈሬ ሰዎች።

ያኔ ኮልፌን ከተማ የሚለው ሰው አልነበረም። ገብስ የሚዘራበት፣ ባሕር ዛፍ የበዛበት፣ ከሆለታ በኩል እንጨትና ቅቤ ይዞ የሚመጣው ገበያተኛ ጥቂት የሚያርፍበት ቦታ ነበር። ጣልያን ሲገባ መንገዱን አሰፋው፤ ካሚዮን ቀን ከሌት ይመላለስበት ጀመር። ከመንገዱ ዳር ዳርም ጣልያን ነጋዴዎች የቆርቆሮ መጋዘን ይተክሉ ጀመር። መሬቱን የማን ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። አጥሩን የሚያቆሙት ከሰው ግድግዳ ጋር አጣብቀው ነው።

ጣልያንኛ የተማርኩት ከወረራው በፊት ሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። አባቴ ቀድሞ ሞቷል፤ እናቴን የማበላው እኔ ነኝ። ከተማው በጠላት እጅ ሲወድቅ አንድ የጣልያን መድን ኩባንያ መሐል ከተማ ቢሮ ከፈተና አስተርጓሚ ፈለገ። ገባሁ። የተመደብኩት ከጉዳት ገማቹ ጋር ነው። ቃጠሎ ወይም ግጭት በተነገረ ቁጥር እሱ በመኪናው ፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን እንሄዳለን። እሱ ያያል፣ ይለካል፤ እኔ የአገሬው ሰው ያለውን እተረጉማለሁ። በመጨረሻም ከሪፖርቱ ግርጌ «በትክክል ተርጉሜያለሁ» ብዬ እፈርማለሁ። ያለ እኔ ፊርማ የአገሬው ሰው ቃል ሮም ላለው ዋና መሥሪያ ቤት አይላክም። ይህን ደንብ ያወጣው ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ነፍሱን ይማረው።

ገማቹ ቀጭን፣ ሆዱን የሚያመው ሰው ነበር። ነጭ ዱቄት በውሃ በጥብጦ ሲጠጣ ይውላል። ክፉ አልነበረም። ፈሪ ነበር። በዚያ ዘመን ፈሪ የሚሠራው ነገር ክፉ ከሚሠራው አያንስም። የኩባንያውን አለቆች ይፈራል፣ ጥቁር ሸሚዝ የለበሰ ፋሽስት ሁሉ ያስፈራዋል፣ ካራቢኔሮችን፣ የጣልያን ፖሊሶችን፣ ሲያይ ባርኔጣውን ለማውለቅ እጁ ይቸኩላል። ሥራውን ግን ያውቅ ነበር፤ ይህን አልክደውም።

ሰፈር ውስጥ ባንዳ እባል ነበር። ፊት ለፊት የሚለኝ የለም፤ ስደርስ ወሬው ይቆማል። ይህ ያናድደኝ ነበር፤ ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል። ጠመንጃ አልያዝኩባቸውም፣ ሰው አላስያዝኩም። የተቃጠለ ጎማ ነው የምቆጥረው! ግን የጠላትን እንጀራ የሚበላ ሰው ምን ብሎ ይከራከራል? ጥርሴን ነክሼ አልፋለሁ። ሰላምታዬን ሳይመልሱልኝ የቀሩትን ሁሉ ግን በልቤ ይዣቸው ነበር።

ሰላምታዬን ጮክ ብለው የሚመልሱልኝ አንድ ሰው የክርስትና አባቴ ሚስት ናቸው። እትዬ ነው የምላቸው። ባላቸው ወደ ሰሜን ዘምተው በዚያው ቀርተዋል። እሳቸው ከመንገዱ ዳር ባለች የሣር ክዳን ቤታቸው ለገበያተኛ ጠላ ይሸጣሉ። ምላሳቸው ስለት ነው። ከቤታቸው ጋር አጣብቆ መጋዘን የሠራባቸውን ጣልያን ነጋዴ በየጠዋቱ በአማርኛ ይመርቁታል፤ ምርቃት እንዳልሆነ እሱም ከድምፃቸው ይገባዋል። በመጋዘኑና በእትዬ ቤት መካከል ያለው አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ብቻ ነበር። ነጋዴው «ሲሚንቶና ገመድ ነው ያለኝ» ብሎ ለኩባንያችን አስመዝግቦ ውል ተዋውሏል።

ቃጠሎው የተነሣው በበጋ ነው፤ ነፋሱ አቧራ በሚያስነሣበት ከሰዓት በኋላ። እኔ ቢሮ ነበርኩ። ሥራ ጨርሼ በእግሬ ኮልፌ ስደርስ የእትዬ ቤት የነበረበት ቦታ የለም። ቃጠሎም የለም። ሜዳው ተጠርጎ፣ ውሃ ተርከፍክፎበት፣ የሠርግ ድንኳን ሊተከልበት የተዘጋጀ ይመስላል። እናቴ እስከ ክርኗ ጠቁራ በራችን ላይ ቆማለች።

«አንድ ጥቁር ነገር አላስቀረንባትም» አለችኝ፤ በኩራት ነው የምትናገረው።

ይህ የሰፈራችን ወግ ነው። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው አመዱን እንዲያይ አይተውም። እሳቱ እንደጠፋ ባለቤቱን አንዱ ቤት ወስደው ፊቱን አዙረው ያስቀምጡታል፤ ሌላው አካፋውን፣ ቅርጫቱን፣ እጁን ይዞ ይወጣል። ከሰሉ፣ ስባሪው፣ የተጣመመው ብረት ሁሉ ይነሣል። አመዱ በየጓሮው ጎመን ላይ ይበተናል፤ ለሥራ የሚሆን ነገር የተገኘ እንደሆነ ያነሣው ያስቀምጥና ባለቤቱ ሲረጋጋ ይመልስለታል። ሰውየው በማግስቱ ሲወጣ የሚያየው ባዶ መሬት ነው። ባዶ መሬት ላይ ቤት መሥራት ያስባል፤ አመድ ያየ ሰው ግን ተቀምጦ ያለቅሳል። እንዲህ ነው የሚያምኑት። ልጅ ሆኜ እኔም ጠርጌያለሁ።

ያን ቀን ግን ሳየው ደስ አላለኝም። ጉዳት ገማች ምን እንደሚያይ አውቃለሁና።

በነጋታው መጡ፤ ገማቹ፣ ነጋዴው፣ አንድ የካራቢኔሮች መኮንን ከነወታደሮቹ። ነጋዴው በራሱ በኩል ያለውን ሌሊቱን ሲያወጣና ሲጭን አድሮ ከቃጠሎው የተረፈውን ግማሽ መጋዘኑን ባዶ አድርጎታል። «የተረፈ ዕቃ ሳድን ነው» አለ። ገማቹ ወደ እትዬ ቦታ ዞረና ቆመ። የረገጠውን መሬት አየ፤ አሁንም አየ።

«ቃጠሎው የታለ?» አለኝ።

ወጉን ነገርኩት። ነጋዴው አላስጨረሰኝም። «ለምን ይጠርጋሉ? ማስረጃ ሊያጠፉ ነው! እሷ ናት የለኮሰችው፤ ባሏ ወታደር ነበር፤ በየቀኑ ትረግመኛለች» እያለ ይጮሃል። መኮንኑ ጎረቤቶቹን «ማን ነው የጠረገው?» ብሎ በእኔ በኩል ጠየቀ። ሁሉም በአንድ ድምፅ «እኛ!» አሉ፤ እናቴማ ደረቷን መትታ። ደግ ሥራቸውን የጠየቃቸው ነው የመሰላቸው። የገዛ ወጋቸው ወጥመድ እንደሆነባቸው ያየሁት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ የመለሱትንም መተርጎም ነበረብኝ። ተረጎምኩት። እትዬን እጃቸውን አስረው በካሚዮን ጭነው ወሰዱ።

የጣልያንን ንብረት በማቃጠል የተያዘ ሰው ምን እንደሚደርስበት ያኔ ልጅ ሳይቀር ያውቃል። የመስቀያው እንጨት ገበያው መሐል ተተክሎ ይታያል።

ቢሮ ስንመለስ ገማቹ ሪፖርቱን መጻፍ ጀመረ። የዓመፀኛ እጅ ያነሣው ቃጠሎ ነው ከተባለ ኩባንያው አይከፍልም፤ ውሉ ዓመፅን አይሸፍንም። ነጋዴውም የሚቀበለው ካሳ ቢቀርበት ስለ መጋዘኑ የሚጠይቀው የለም። መኮንኑ አንድ ዓመፀኛ ያዘ። ሁሉም ተስማምቷል። ከስምምነቱ ውጪ የቀሩት እትዬ ብቻ ናቸው። ገማቹ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋና እስክሪብቶውን ሰጠኝ። «ማስረጃውን ማጥፋታቸውን ሰዎቹ ራሳቸው አምነዋል» ይላል።

«እንዲህ አላሉም» አልኩት።

«ጠርገናል አላሉም?»

«ጠርገናል አሉ። ማስረጃ አጠፋን አላሉም። እኔ ያልተባለ ቃል ላይ አልፈርምም።»

ዱቄቱን በጠበጠ። «ታውቃታለህ እንዴ?» አለኝ።

«የክርስትና አባቴ ሚስት ናቸው። ይህንንም ይጻፉት። ዘመዳቸው ስለሆንኩ አልፈርምም ይበሉና ሌላ አስተርጓሚ ይፈልጉ። እሱ መጥቶ ሰዎቹን እንደገና ይጠይቃቸው። እስከዚያ ድረስ ሮም ሪፖርት ሲጠብቅ ይቆያል።»

ሊያስገርፈኝ ይችላል። አንድ ስልክ ይበቃዋል። ግን ደግሞ ሮምን ይፈራል፤ የዘገየ ሪፖርት ይፈራል። ፈሪ ሰው በሁለት ፍርሃት መካከል ሲገባ ጥቂት ጊዜ ይቆማል። እኔም የፈለግኳት ያችን ጥቂት ጊዜ ነበረች።

«ቦታውን እንደነበረ ባሳይዎትስ?» አልኩት።

«አመድ ተበትኖ?»

«ተበትኖ እንጂ ጠፍቶ አይደለም።»

ዱቄቱን ጠጣና «ነገ ጠዋት» አለ። «ነገ ጠዋት የማየው ካለ አያለሁ። ከሌለ ትፈርማለህ፤ ካልፈረምክ ከሴትዮዋ ጋር ትቆማለህ።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ ኮልፌ ደረስኩ። ጎረቤቶቻችን እናቴ ደጅ ላይ ተቀምጠው ያለቅሳሉ። ሰላም ሳልል መሐላቸው ገብቼ «አመዱን መልሱ» አልኩ።

አንዷ «ይሄ ልጅ ምን ነካው?» አለች። ሌላው ሰውዬ፣ ያ ሁሌ ሲያየኝ ወደ ግድግዳ የሚዞረው፣ «ደግሞ ምን ልታስይዘን ነው?» አለ። በዚህ ጊዜ ደሜ ፈላ። የዚያን ሁሉ ጊዜ ዝምታ አፈረስኩባቸው። ባንዳ የምትሉኝን ሰምቻለሁ፣ ሰላምታዬን የዋጣችሁትንም አውቃለሁ፣ ነገ እትዬ ከተሰቀሉ ግን የምትቀብሯቸው በጠረጋችሁበት እጃችሁ ነው፤ እያልኩ ጮህኩባቸው። እናቴ በጥፊ ልትመታኝ ተነሣች። እኔ ግን ስለ ገማቹ፣ ስለ ሪፖርቱ፣ ስለ ነገ ጠዋት ሁሉንም ነገርኳቸው።

እናቴ እጇ አየር ላይ እንደቀረ «እሷ እንዳታየው ብለን ያነሣነውን!» አለች። «ምን በድለን ነው፣ ልጄ? ደግ ነገር አይደለም እንዴ ያደረግነው?»

«ደግ ነገር ነው» አልኳት። «ለእነሱ ግን የሚታያቸው ወንጀል ነው። ያነሣችሁትን ሁሉ ካነሣችሁበት መልሱት። እናንተ ታውቁታላችሁ፤ እኔ አላውቀውም።»

መጀመሪያ የተነሣችው እናቴ ናት። ከጓሯችን የእትዬን የጋን አፍ፣ የግማሽ በርሜል ያህል ከሰል አመጣች። ከዚያ አንዱ ሌላውን ተከተለ። አመዱን ከጎመኑ ሥር በእጃቸው እያፈሱ በቅርጫት ያመጡታል። የበሩን ማጠፊያ ለቤቱ ያዋለው ሰው ነቅሎ አመጣ። የምድጃው ጉልቻ ከሦስት ቤት ተሰበሰበ። እንዴት ያለ ጭቅጭቅ ነበር! አንዷ «ይሄ መሰሶ እዚህ ነው የወደቀው» ስትል ሌላዋ «ዞር በይ እባክሽ፣ እኔ አይደለሁ ያነሣሁት፣ ጫፉ ወደ ምድጃው ነበር» ትላለች። አንዱ የተሳሳተ እንደሆነ ሌላው ያርመዋል፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ሦስተኛው ይጠራል። እያንዳንዱ ያነሣውን ነገር ያነሣበትን ቦታ እጁ ያስታውሳል። ተሰብስቦ መቆም ያሳስራል፤ ግን ያን ምሽት ማንም ዘወር ብሎ መንገዱን አላየም። ሲጨልም ያቋረጡትን ጎሕ ሳይቀድ ቀጠሉት።

ከዚያ ወዲህ በሥራ ዘመኔ ስንት ቃጠሎ እንዳየሁ ልነግራችሁ አልችልም። ጣልያን ከወጣ በኋላም ከዚህ ሥራ አልወጣሁም፤ ከአስተርጓሚነት ወደ ገማችነት፣ ከገማችነት ወደ አለቅነት አደግሁ። አንድ ቦታ ስደርስ የመጀመሪያው ጥያቄዬ «ማን ነው ቀድሞ የደረሰ? ምን አነሣ?» የሚል ነው። ወጣቶቹ ባለንብረቱን ይጠይቃሉ። ባለንብረቱማ ደንግጧል፣ ምንም አላየም፣ ወይም ደግሞ ያየውን መናገር አይፈልግም። ባልዲ ይዞ የሮጠውን ጎረቤት ጠይቁ። ይህን የጻፈው መጽሐፍ የለም፤ ቢኖርም አላነበብኩትም። እኔ በዓይኔ ነው ያየሁት።

ጠዋት ላይ ሁለት ሰዎች ትልቁን ቆርቆሮ ተሸክመው መጡ። የመጋዘኑና የእትዬ ቤት መለያ ግድግዳ ነው። በወደቀበት ቦታ አስተኙት። መሐሉ ላይ ከሰው ራስ የሚበልጥ ቀዳዳ አለው፤ የቀዳዳው ከንፈር ሁሉ ወደ እትዬ ቤት የተገለበጠ ነው። ከመጋዘኑ በኩል የመጣ ነገር ቀድዶት አልፏል። ምን ነበር ያለፈው? ማንም አያውቅም። «እትዬ ጋ የወደቀ ብረት ያነሣ ሰው የለም?» ብዬ ጠየቅኩ።

ያ ወደ ግድግዳ የሚዞረው ጎረቤቴ መሬት መሬት ያያል። ነገሩ ገባኝ፤ ግን ሰው ፊት ልጫነው አልፈለግኩም። ዞር አድርጌው «ምንድን ነው?» አልኩት።

«ክዳን ነው» አለኝ በሹክሹክታ። «የበርሜል ክዳን። ለጉድጓዴ ይሆነኛል ብዬ ነው፣ ለእሷም ልነግራት ነበር። ምልክት አለበት። የወታደሩ ምልክት ነው። ይዘህ ተገኘህ ብለው እኔንም...» አንገቱን ነካ።

ውሸቱን አልነበረም። የጦሩን ንብረት ይዞ የተገኘ ሰው አይጠየቅም። ና አምጣ ልለው አፌ አልታዘዘልኝም፤ የራሴ አንገት አይደለማ። «አንተ ታውቃለህ» ብዬው ሄድኩ።

የመኪናው ድምፅ ሲሰማ ክዳኑን ታቅፎ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። «የት ነው የነበረው?» ስለው ከምድጃው አጠገብ፣ ከግድግዳው ትይዩ አስቀመጠና አጠገቡ ቆመ። ሊሸሽ ይችል ነበር። አልሸሸም። በሕይወቴ ያየሁት ትልቅ ጀግና ማን ነው ቢሉኝ ስሙን እጠራለሁ፤ እዚህ ግን ስም አልጽፍም ብያለሁና ይቅር።

ገማቹ መጣ፤ ነጋዴው መጣ፤ መኮንኑ እትዬን እንደታሰሩ በካሚዮን ይዟቸው መጣ፤ ቦታው ላይ ሊያናዝዛቸው ነው ያሰበው። ሰዉን ሲያይ «ተበተኑ!» አለ። ተረጎምኩት። የተነቃነቀ የለም። እያንዳንዱ ከመለሰው ነገር አጠገብ ቆሟል፤ ሴትየዋ ከመሰሶው፣ ሰውየው ከማጠፊያው፣ እናቴ ከጋኑ አፍ። ወታደሮቹ ጠመንጃቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። እኔ ወደ ገማቹ ዞሬ «እነዚህ ምስክሮችዎ ናቸው፤ ቢበተኑ ማንን ይጠይቃሉ?» አልኩት። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ዓይን ሲያበራ ያን ጊዜ አየሁ። ባርኔጣውን አወለቀ፤ ለመኮንኑ አልነበረም፤ ሙቀቱ ነው መሰለኝ። «ይቆዩ» አለ።

ገባ። ማንም ሳይነግረው በበሩ ቦታ ገባ። የምድጃውን ጉልቻ አየ፤ ከሥሩ ያለው ማገዶ ግማሹ እንኳ አልተቃጠለም። መሰሶዎቹን ተራ በተራ ነካካ፤ ወደ መጋዘኑ የዞረው ጎናቸው ነው ተበልቶ ያለቀው። ቆርቆሮው ጋ ሲደርስ ተንበረከከ። ጣቱን በቀዳዳው ከንፈር ላይ አዞረ። ከዚያ ክዳኑን አየ። ጎረቤቴ ዓይኑን ጨፈነ።

ገማቹ ክዳኑን አንሥቶ ቀዳዳው ላይ አስቀመጠው። ገጠመ።

ነጋዴው «ሰርቀው ነው! ከእኔ ሰርቀው ነው!» ብሎ ጮኸ። ከአፉ ያመለጠችው ያች ቃል አጋለጠችው። መኮንኑ ክዳኑን ተቀበለና የጦሩን ምልክት አየ። ቀስ ብሎ ወደ ነጋዴው ዞረ። «ከአንተ? የጦሩ ቤንዚን ከአንተ ዘንድ ምን ያደርጋል?» አለው። ሲሚንቶና ገመድ ብሎ ያስመዘገበው ሰው፣ ሌሊቱን ያወጣቸው በርሜሎች ምን እንደሆኑ አሁን ለሁላችንም ግልጽ ሆነ። ከጦሩ ካሚዮኖች የተሰረቀ ቤንዚን ይገዛ ነበር። አንዱ በርሜል ፈንድቶ ነው ክዳኑ ግድግዳውን ቀድዶ እሳቱን ወደ እትዬ ቤት ያሻገረው።

ገማቹ ወዲያው በዚያው ቆሞ ጻፈ። ደስ እንዳለው አልደብቅም፤ ያልተነገረ ቤንዚን የያዘ ደንበኛ አይካስም፤ ኩባንያው አንድ ሳንቲም አያወጣም። እትዬን ያዳናቸው የኩባንያው ስስት ነው የሚለኝ ሰው ቢኖር አልከራከረውም። ስስት ግን ብቻውን ኮልፌ ድረስ አይመጣም፤ አመዱን የመለሱት የሰፈሬ ሰዎች ናቸው። የእትዬን ቤትማ ማንም አልካሳቸውም፤ መድን የላቸውም፣ አገሬው ደግሞ ያኔ ዋጋ የለውም። ይህን ሪፖርት ውስጥ ይግባ ብዬ ነዝንዤዋለሁ፤ «ቦታ የለም» አለኝ። ቤቱን ክረምት ሳይገባ ሰፈሩ ሠራው።

ከሪፖርቱ ግርጌ ፈረምኩ። መኮንኑ የእትዬን እጅ አስፈታ።

እትዬ ወርደው ወደ ቤታቸው ቦታ መጡ። ማንም እንዲያዩት ያልፈለገውን አመድ አዩት። እናቴ አፈረች፤ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እሳቸው ግን አላለቀሱም። የእጃቸውን ሰንበር እያሹ በበሩ ቦታ ገቡና መሐል ላይ ቆሙ።

«ነጻ ወጥተዋል፣ እትዬ» አልኳቸው።

«እሱንማ አየሁት። ምን ብሎ ነው የጻፈው?»

«እርስዎ እንዳላቃጠሉት ጽፏል።»

«እኔ አለማቃጠሌን እኔ አውቀዋለሁ!» አሉ። «ቤቴን ማን አቃጠለው ብሎ ነው የጻፈው? በጣልያንኛ ጽፎ ይዞት ሊሄድ ነው። ልጄ፣ ሰው ይስማ፤ በአማርኛ ተናገረው።»

ነጋዴው ገና አልታሰረም ነበር፤ በሁለት ወታደሮች መካከል ሦስት እርምጃ ርቆ ቆሟል። ጠላት ከገባ ጀምሮ ከአፌ የሚወጣው ሁሉ የሌላ ሰው ቃል ነበር። እጄን ዘረጋሁና በጣቴ አመለከትኩት፤ ሰዉ ሁሉ እንዲሰማ ጮክ አልኩ።

«ቤትዎን ያቃጠለው እሱ ነው!»

አማርኛ አይችልም፤ ጣት ግን ይችላል። ወታደሮቹ ሳይዙት ጉንጬን በጥፊ አጮለው። ጆሮዬ ጮኸ። ቀና አልኩና ጣቴን ሳላወርድ «እሱ ነው!» ብዬ ደገምኩት። ከኋላዬ እናቴ «እሱ ነው!» አለች። ከዚያ ክዳኑን ያመጣው ጎረቤቴ። ከዚያ ሁሉም።

ገማቹ መኪናው ውስጥ «ምን ነበር ያልካቸው?» ብሎ ጠየቀኝ። «የጻፉትን ነው ያነበብኩላቸው» አልኩት። ቢሮ ስንደርስ ወርዶ ገባ። ነገ ሥራ ና አላለኝም፤ አትምጣም አላለኝም። በማግስቱ ጠዋት ግማሽ ፊቴ አብጦ ገባሁና ጠረጴዛው ፊት ቆምኩ።

«ዛሬ ቃጠሎው የት ነው?» አልኩት።